ወንዝ የተሻገረችው ላም

ባለፈው ጥር ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሞጣ ሄጄ ከመናኸሪያው ስወጣ፣ አንድ ጎረምሳ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አገኘሁት። ሙጫው የሱቅ አልነበረም። በቆርቆሮ ጣሳ የተቀቀለ የስንዴ ዱቄት ነው፤ መኮምጠጥ የጀመረ፣ ትንሽ የአጥሚት፣ ትንሽ የእርጥብ ወረቀት ሽታ ያለው። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ቆምሁ።

«እማማ፣ ልርዳዎት?» አለኝ።

«አይ ልጄ፣ እያሸተትሁ ነው» አልሁት።

ምን እንደመሰለው እግዜር ይወቅ፤ ጣሳውን ከእኔ ራቅ አደረገና ሥራውን ቀጠለ።

ያ ሽታ ለእኔ የሁለተኛ ክፍል ሽታ ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ሞጣ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የሌላው ክፍል ሁሉ ጠመኔ ጠመኔ ሲል የእኛ አጥሚት አጥሚት ይል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ለክሊኒኩ አዲስ ድሬሰር መጡ በተባለ ጊዜ ነው። ሰውየው በሱዳን ጦርነት አገራቸውን ጥለው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ በጋምቤላ በኩል የገቡ ኑዌር ናቸው። ስማቸው ጋትሉዋክ ነው። ሞጣ ግን እንግዳ ስም ስትውጥ ጊዜ አይፈጅባትም፤ ሳምንት ሳይሞላ «ሐኪም ጋሻው» ብላቸው አረፈች። የክሊኒኩን በር ጎንበስ ብለው ነበር የሚያልፉት። ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ የአገራቸው ወንዶች ለአቅመ አዳም ሲደርሱ የሚሰመርላቸው ነው። እኔ ያኔ የደብተሩን መስመር ሳልለቅ መጻፍ እየተማርሁ ስለነበር፣ እግዜር ሊጽፍበት አስምሮ የተወው መሰለኝ። አያቴን ጠየቅኋቸው። አያቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ።

«ለሁላችንም ግንባራችን ላይ ተጽፎብናል» አሉኝ። «የእኛ ያለ መስመር ስለተጻፈ ነው የተንጋደደው።»

አመንኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪሙን ባየሁ ቁጥር የመጀመሪያው ፊደል ወጥቶ እንደሆነ እፈልግ ነበር።

ወሩ ጥቅምት፣ ወርኃ ጽጌ ነው። በቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ስደት የሚዘመርበት ጊዜ። አያቴ ስለ ሐኪሙና ስለ ቤተሰባቸው ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ስደተኞች ናቸው፤ ስደትን እመቤታችንም ቀምሳዋለች» ይላሉ። እኔ ይህን ሰምቼ አንድ ነገር ወሰንሁ፤ እነዚህ ሰዎች የመጡት ከግብፅ ነው። በነጋታው በክሊኒኩ ጓሮ ዞሬ የስደቷን አህያ ፈለግኋት። አላገኘኋትም። ያገኘሁት የሐኪሙን ሚስት ነው፤ ልብስ ሲያሰጡ ዞር ብለው አዩኝና «ማሌ» አሉኝ። ሰላምታ መሆኑን መች አወቅሁ! የአህያዋ ስም መስሎኝ ይዤው ተመለስሁ።

ሐኪሙ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ ኛሩዋች የእኔ እኩያ፣ ትንሹ ቱት። ሁለቱም እኛ ክፍል ገቡ፤ ቱት ለአንደኛ ክፍልም የሚያንስ ቢሆን ከእህቱ ቀሚስ ማላቀቅ ስላልተቻለ ነው። ኛሩዋች ከእኔና ከዘሃራ መካከል ተቀመጠች። ዘሃራ የአባባ እንድሪስ ልጅ ናት፤ አባቷ ጨውና አቡጀዲ ይነግዳሉ፣ በወጣትነታቸው እስከ ሱዳን፣ እስከ ገዳሪፍ ተሻግረው ነግደዋል።

ኛሩዋች አትናገርም። ስም ሲጠራ እጇን ታወጣለች፣ ጠመኔ ሲሰጧት ትቀበላለች፤ አፏን ግን አትከፍትም። በጽጌ ወር ከእህል የሚጾም ሰው አውቃለሁ። እነዚህ ደግሞ ከንግግር የሚጾሙ ናቸው አልሁ። ጾሙ ሲፈታ ታወራኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጽጌ አለቀ፣ ኅዳር ተጋመሰ፤ ኛሩዋች አልፈታችም።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ክፉ ሰው አልነበሩም። ቦታ ያጠራቸው ሰው ነበሩ። ከገጠር ልጁን ይዞ መጥቶ አጥር ሥር የሚጠብቅ አባት ሞልቷል። አንድ ቀን ክፍላችን መጥተው እኛ እየሰማን ለአስተማሪያችን ተናገሩ።

«ወይዘሪት ትርንጎ፣ ኢንስፔክተሩ ከፋሲካ በፊት ይመጣሉ። እነዚህ ሁለቱ እሳቸው ፊት አንድ ገጽ ካላነበቡ፣ መቀመጫቸውን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ። ምን ላድርግ? ለመናገር እንኳ እንቢ ያለን ልጅ ምን ብዬ አስቀምጣለሁ?»

«እንቢ አላሉም» አሉ እትዬ ትርንጎ። «እኛ ነን ያልጠየቅናቸው።»

እትዬ ትርንጎ የቢቸና ልጅ ናቸው። ገና ወጣት፣ ቀጭን፣ ሲናደዱ አንገታቸው የሚቀላ። ሞጣ ከመምጣታቸው በፊት ቢቸና ያስተምሩ ነበርና፣ እዚያ አብሯቸው የሠራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የልጆች የሥዕል መጻሕፍት ትቶላቸው ሄዷል። በነጋታው ከእነዚያ አንዱን ይዘው መጡ።

እኛ እስከዚያ ቀን ሥዕል የምናውቀው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ፣ ያውም ቅዱስ ያልሆነ፣ ያውም ላም! ዘሃራ ቤት ደግሞ ግድግዳ ላይ ሥዕል የለም፤ እሷ ከሁላችንም አብልጣ ዓይኗን ተከለች። ላሟ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ናት፤ ቀንድ የላትም፣ ጡቷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። በመጀመሪያው ገጽ ከበረቷ ትወጣለች፤ ቀጥሎ ገበያ ታቋርጣለች፤ ከዚያ ትልቅ ወንዝ ዳር ትደርሳለች። ከሥሩ ያለውን የፈረንጅ ጽሑፍ ማንም አያነበውም።

«ይህች ምንድን ናት?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ላም!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ሌላ ስም የላትም?»

ላም ላም ናት፤ ሌላ ምን ስም ይኖራታል? ያኔ ዘሃራ ቀስ ብላ «አባባ ለሐኪሙ ሲነግሩ ‹በቀራ› ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። ኛሩዋች ቀና አለች። ከሩቅ በስሙ የተጠራ ሰው እንዴት እንደሚዞር፣ እንደዚያ። አረብኛውን ታውቀዋለች ለካ። ዘሃራን አየቻት፣ ላሟን አየቻት፣ ጣቷን ዝንጉርጉሩ ላይ አኑራ በትንፋሽ ያህል «ያንግ» አለች። ቱት ከቀሚሷ ሥር ብቅ ብሎ «ያንግ!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ትርንጎ ሰሌዳው ላይ ላም፣ በቀራ፣ ያንግ ብለው በፊደል ጻፉ። ሁላችንም ሦስቱንም ደጋግመን ጮኽን። እኔ ዘሃራ አንድ ስትጨምር እኔ ያልጨመርሁት አንገበገበኝ። ቤት ሮጬ አያቴን ጠየቅሁና በማግሥቱ በግዕዝ «ላህም» የሚለውን ይዤ መጣሁ። እሱም ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን መጽሐፉ ሆነ። ገጹ ይከፈታል፣ እያንዳንዱ ልጅ ያየውን ይናገራል፤ በፈለገው ቋንቋ። ከተናገርነው ደስ ያለንን እትዬ ትርንጎ በቁራጭ ወረቀት ያስጽፉናል፤ ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በኛሩዋች ቋንቋ፣ ሁለቱንም በፊደል። ቁራጩ በፈረንጁ ጽሑፍ ላይ ይለጠፋል። ሙጫው ታዲያ ከየቤታችን በጭብጥ ከምናመጣው ዱቄት በጣሳ የሚቀቀል ነው። እናቴ ዱቄቱ ለምን እንደሚያንስ እንደገረማት ከረመች፤ ቱት ሙጫውን በጣቱ እየጠረገ ይልሳል፤ እትዬ ትርንጎ ለእሱ ለብቻው ያለ ወረቀት የሚላስ ትንሽ ሙጫ ማስቀረት ጀመሩ።

ወሬው ከተማውን ዞረ። «ልጆቻችን በላም ስም ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ፤ የምን ቋንቋ ነው የምታስተምርብን?» ያሉ ወላጆች ተነሡ። ሄደው ይዩልን ተብለው የተላኩት አያቴ ናቸው። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ክፍላችን ገቡ።

አያቴ መጽሐፉን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይህች ላም ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ።

«ልጆቹን ይጠይቋቸው፣ የኔታ» አሉ እትዬ ትርንጎ።

እኔ ከፋሲካ እርድ አምልጣ ነው አልሁ። ዘሃራ የለም፣ ጥጃዋ ተሸጦባት ገበያ ልትፈልገው ነው አለች። ኛሩዋች በቋንቋዋ በሹክሹክታ ጀመረች። ሁላችንም ቃሉን ባናውቀውም እጇን እናያለን፤ እጇ ሰፊ ሜዳ ዘረጋ፣ ጭስ አጨሰ፣ ሰዎችን አንድ ባንድ ወዲያ ማዶ አሻገረ፣ ከዚያ አንዲት ላም ብቻዋን አቆመ። አንዳንድ ቃል በአረብኛ ስትደግመው ዘሃራ ትይዝላታለች። «ሰዎቿ ጥለዋት ሄደዋል፤ እየተከተለቻቸው ነው» አለች ዘሃራ።

አያቴ የልጆች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ።

«ሰሙ ላም ነው፤ ወርቁ እንደ ተመልካቹ ነው» አሉ። ከዚያ ራሳቸው አንድ ፍች አመጡ፣ እትዬ ትርንጎ ተከራከሯቸው፣ እሳቸው ሌላ አመጡ፤ ደወል እስኪደወል አልተነሡም። ሲወጡ ውጭ የሚጠብቋቸውን ወላጆች እንዲህ አሏቸው፦

«ልጆቻችሁ አንዲት ላም በአራት ቋንቋ ያልባሉ። ወተት በዛ ብላችሁ ነው የከፋችሁ?»

ነገሩ በዚያው ረገበ።

አያቴ በዚያ ሰሞን ዓይናቸውን ታመው እኔ እየመራሁ ክሊኒክ ወሰድኋቸው። ሐኪም ጋሻው በአማርኛ ወንድና ሴትን መለየት ገና አልለመዱም፤ ትልቅና ትንሽንም እንዲሁ። አያቴን በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥተው፣ «ተቀመጪ። ዓይንሽን ክፈቺ። አይዞሽ፣ አትፍሪ» አሏቸው። የሚጠባበቀው በሽተኛ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አያቴ ዓይናቸውን ከፈቱ፤ መድኃኒቱ ገባላቸው። ወጥተን ትንሽ እንደሄድን መንገድ ዳር ቆመው እንባ እስኪያነቡ ሳቁ። «ምነው ባለቤቴ በኖረችና ሴት ሆኜ ባየችኝ!» አሉ።

የየካቲት ፀሐይ ጠንከር ባለ ጊዜ መጽሐፉ ሊያልቅ የቀረው አንድ ገጽ ነበር፤ ገና ያልከፈትነው የመጨረሻው ገጽ። አዲስ የተለጠፈው እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ ዘርግተነው ለእረፍት ወጣን። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ፍየል አላቸው። ፍየል ደግሞ የዱቄት ሙጫ ምን ያህል እንደሚጥመው ከቱት በቀር ማንም አልገመተም። ስንመለስ ፍየሉ የፊት እግሮቹን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ያኝካል። የመጨረሻው ገጽ የለም፤ ከሱ በፊት ያለውም ጠርዙ ተገምጧል።

ዘሃራ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ላሟ ወንዝ መካከል ውሃው እስከ አንገቷ ደርሶ ቀረች፤ ምን እንደምትሆን የሚነግረን ገጽ በፍየል ሆድ ውስጥ ነው። ዘበኛው ፍየሉን በዱላ ሊሉ ተነሡ። እትዬ ትርንጎ ግን «ይተዉት፤ አንብቦ መጨረሱ ነው» አሉ፤ ወዲያው ነጭ ወረቀት አወጡ። «መጨረሻውን ማን ይሥላል?»

ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ወረቀቱን ያነሣችው እጇን ያላወጣችው ኛሩዋች ናት።

ለብዙ ቀን ሣለች። በከሰል፣ በቀይ አፈር፣ በቅጠል ጭማቂ። የእሷ ላም የፈረንጁ ላም አይደለችም። ቀንዶቿ ረጃጅም፣ እንደ ጨረቃ የተቀለሱ፣ ቆዳዋ አመድማ ነጭ። ከወንዙ ማዶ ወጥታ ቆማለች፤ ከሰውነቷ ውሃ ይንጠባጠባል። የከብት በረት ጭስ አለ፣ ብዙ ላሞች አሉ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አንገቷን አቅፋታለች።

ሐኪም ጋሻው ልጆቹን ሊወስዱ ሲመጡ እትዬ ትርንጎ ሥዕሉን አሳዩአቸው። ሐኪሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ አዩት። እኔ ሰሌዳ እያጠፋሁ ነበርና ሰማሁ።

«ይሄ ላም የእሱ ነው» አሉ፤ የእሷ ናት ማለታቸው ነው። «ለኛሩዋች አባቴ ሰጠ። ወታደር መጣ፣ ሮጥን። እኛ በጀልባ፣ ላም በውሃ። ውሃው ትልቅ። ላም አልወጣም። ኛሩዋች ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።» ባርኔጣቸውን አዟዟሩት። «ኛሩዋች ስሙ በእኛ ቋንቋ ‹የንግግር ልጅ› ማለት ነው። ድሮ ቤት ውስጥ ዝም በይ ነበር የምንል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እኛ ቤት አይናገርም። ዝም።»

እትዬ ትርንጎ ሥዕሉን አንሥተው በጣታቸው አሳዩአቸው፤ «ተሻግራለች እኮ፣ ሐኪም። ይመልከቱ። እሷ አሻግራታለች።»

ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ በሩ ሄዱ፤ በዚያ ቀን ጎንበስ ማለቱን ረስተው ጭንቅላታቸውን ጉበኑ መታቸው።

ሥዕሉ መጽሐፉ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ የሚጻፈውን ኛሩዋች ራሷ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ቃላቱ አማርኛ ናቸው፣ ስትነግረኝ ትንፋሿ ጆሮዬን ኮረኮረኝ። ደስታዬን ለማንም አልተናገርሁም፤ ብናገር የሚጠፋ መሰለኝ።

ሆሳዕና ሊገባ ሲል ኢንስፔክተሩ መጡ። ወፍራም፣ ሙሉ ሱፍ የለበሱ፣ ላባቸውን በመሐረብ የሚጠርጉ። ዳይሬክተሩ ከኋላቸው ቆሙ። ኢንስፔክተሩ የማንበቢያ መጽሐፉን ለኛሩዋች ሰጧትና «በይ ልጄ፣ ከዚህ ጀምሪ» አሏት።

ኛሩዋች ተነሣች። መጽሐፉን ያዘች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እኔ ከታች ሆኜ ፊደሉን በትንፋሽ ልነግራት ሞከርሁ። ዳይሬክተሩ እትዬ ትርንጎን አዩአቸው፤ የእትዬ ትርንጎ አንገት ቀላ። ኢንስፔክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

ያኔ ቱት አግዳሚው ላይ ወጥቶ ቆመ። እህቱ የተቸገረች መስሎት ይሁን፣ ሙጫ ይሰጡኛል ብሎ ይሁን አላውቅም።

«ላም ነበረ!» አለ በጩኸት። «ላም ወጣ። ላም ገበያ ሄደ። ላም ጠላ ጠጣ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠላው መጽሐፉ ውስጥ የለም። ቱት ሳቁን ሲሰማ ባሰበት፤ እጁን ዘርግቶ፣ «ከዚያ ላም ወንዝ ገባ። ውሃ ትልቅ። ላም… ላም ሞተ!» አለ።

«አልሞተችም!»

ዞር አልን። ኛሩዋች ናት። የማንበቢያ መጽሐፉ ከእጇ ወድቋል።

«ውሸታም! አልሞተችም! ዋኘች። ውሃው ትልቅ ነው፣ እሷ ግን ጎበዝ ናት። ጠራኋት፤ ሰማች። ተሻገረች!»

ሳቁ ቆመ። ኢንስፔክተሩ ቀስ ብለው «የት ነው የተሻገረችው?» አሏት።

ኛሩዋች ጠረጴዛው ላይ ያለውን የላሟን መጽሐፍ አንሥታ ፊታቸው ዘረጋችው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ሥር ጣቷን እያስኬደች አማርኛውን አነበበች፤ ከዚያ የራሷን ቋንቋ አነበበች፤ የጎጃም ልጅ ሆና «እኮ» እያለች በመካከሉ ታስረዳቸዋለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች፦ «ላሟ ተሻገረች። ሰዎቿ ስሟን ጠሩ። ቤቷ ገባች።»

እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ኢንስፔክተሩ የተገመጠውን ጠርዝ እያዩ፣ «ይህስ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ፍየል በልቶት ነው» አለች ዘሃራ፤ ዳይሬክተሩ መሬት ብትውጣቸው በወደዱ።

ኢንስፔክተሩ ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ለዳይሬክተሩ፣ «ልጆቹ ይቆዩ» አሉ። «ፍየሉን ግን እሰሩት።»

ከፋሲካ በኋላ ኛሩዋችን ዝም የሚያሰኛት ጠፋ። ያን ሁሉ ወር ያጠራቀመችው ነው መሰል፣ በአንድ ጊዜ ወረደ። አማርኛ ሲያልቅባት አረብኛ፣ አረብኛ ሲያልቅባት የራሷን። ስለ ላም፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ዳይሬክተሩ ጫማ ታወራለች። አንድ ቀን እትዬ ትርንጎ መደመር ሲያስተምሩ ደጋግመው «ኛሩዋች!» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ግድግዳው ሥር አንበረከኳት። ወዲያው ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፣ ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣

«ጥሩወርቅ! ጥሩወርቅ! ግድግዳው ላይ ጉንዳን አለ። አንድ እግር የለውም። ነይ እዪው» አለችኝ።

በሳቅ ፈነዳሁ። እትዬ ትርንጎ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እንደ ምንም ፊታቸውን አኮሳትረው ተመለሱና፣ «አንቺም ተነሺ፤ ሄደሽ ከጎኗ ተንበርከኪ» አሉኝ።

ሮጬ ሄድሁ። ጉንዳኑ እውነትም አንድ እግር ይጎድለው ነበር።